የአያቴ ቀርከሃ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ)



በዚህ በዓል ስለ ዓሣ ማጥመድ ልናገር መነሣቴ አያስደንቃችሁ። ጌታ ጴጥሮስን ስለ ግብሩ ወደ ባሕር በላከው ጊዜ ያዘዘው መንጠቆ እንዲጥል ነበርና። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ።

አያቴ ከዳንግላ በኩል ወርዶ ወደ ግልገል ዓባይ በሚገባ ወንዝ ያጠምዱ ነበር። በትራቸው ከእንጅባራ ደጋ የተቆረጠ ቀርከሃ፣ ገመዱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነበረ፤ አገራችን የፈረስ አገር ናትና ጭራ አይታጣም። በመንጠቆው ፌንጣ ሰክተው በውኃው ፊት ላይ ያንሳፍፉታል። ኤልያኖስ የተባለ የሮም ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ በመንጠቆ አስረው፣ ዝንብ አስመስለው ዓሣ እንደሚያታልሉ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ጽፏል። አያቴ ይህን ሳይሰሙ ዓሣው ወደ ላይ እንደሚያይ ዐውቀው ነበር።

ለአባቴ ያወረሱት ግን ቀርከሃውን ብቻ አልነበረም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መባቻ መንጠቆ አይጣልም፤ በዚያ ወራት ዓሣው ዕንቍላሉን ሊጥል ሽቅብ ይወጣልና።

እኔም ቅኔ ተማሪ ሳለሁ፣ ለፍልሰታ ፍቺ ለየኔታ ዓሣ ይዤ ለመግባት ብዬ ይህን ሥርዓት አፈረስሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የብርብራ ፍሬ ወቅጠን በውኃው ላይ ነሰነስን። ብርብራ የዓሣን እስትንፋስ ይዘጋል፤ ታላቁን ከታናሹ አይለይም። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ በነጭ ሆድ ተሸፈነ፤ ልንሸከመው የቻልነው ከዐሥር አንዱን አይሆንም። አባቴ ደርሰው አንዷን ዓሣ በካራ ሰነጠቁና ዕንቍላሏን በመዳፌ ላይ አፈሰሱት። «የዘንድሮውን በላህ፤ የመጪውንስ ማን ሰጠህ?» አሉኝ። ለየኔታ ምንም ሳልወስድ ተመለስሁ።

የዚያ ዕንቍላል ዋጋ የገባኝ በኋላ ነው። በጣና ከሚኖሩት ነጭ ዓሦች 15ቱ ዐይነት በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም፤ አያሌዎቹም የሚራቡት በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው ነው። በ1986 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቤተ ክርስቲያናችን ከመንግሥትና ከሆላንድ ረጂዎች ጋር ሆና በሞተር የሚሄድ ጀልባና አዲስ መረብ ወደ ጣና አስገባች፤ አሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነበር። ነገር ግን ዓሣው ሊወጣ በወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወራት መረብ ተዘረጋበትና፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ዐሥር ዓመት ነጭ ዓሣው ሦስት አራተኛ ያህል ጐደለ። የኛ ብርብራ ይህን ያህል አላጠፋም፤ ስሕተቱ ግን አንድ ነው።

አባቴ ቀርከሃውን ለኔ ነፍገው ለታናሽ እኅቴ ሰጧት። ሴት ልጅ ታጠምዳለች ብለው የሳቁ ነበሩ፤ ወራቱን ግን ከኔ ይልቅ ጠበቀች። ዛሬ ልጇ ይዞታል። ለኔ የቀረልኝ ገመድ መግመድ ነው፤ በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ጭራ ያመጣልኛል። ዘንድሮ «አጎቴ፣ እርስዎስ አይጥሉም ወይ?» ቢለኝ፣ «እናትህን አስፈቅድልኝ» አልሁት።