ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የአለርጂ መድኃኒት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ ከጣርማ በር ቁልቁል፣ በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አገሩ ሳር ይለብሳል። ለብዙዎቻችን ወቅቱ የደስታ ነው። ለአንዳንድ ቤተሰብ ግን የማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክና የትንፋሽ ማጠር ወቅት ነው። ልጁ «ብርድ መታው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይገዛለታል፤ ሳሩ ሲደርቅ ይሻለዋል፤ በዓመቱ ደግሞ ያው ይመለስበታል።

ከይፋት ወደ ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለው ዘመድ ይህን ሲሰማ «እዚህ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ፣ አለርጂን ከሥሩ የሚነቅል ኪኒን አለ፤ ልላክላችሁ?» ሊል ይችላል። ኪኒኑ ምንድን ነው? በሻንጣ መጥቶ ቤት ውስጥ ሊጀመርስ ይገባዋልን? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አል-ራዚ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ጽጌረዳ ሲያሸት አፍንጫው ለምን እንደሚታመም የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ደግሞ ቻርለስ ብላክሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በራሱ ላይ ሞክሮ፣ የሳር አበባ ብናኝ ይህን ሕመም እንደሚያስነሳ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን ሌናርድ ኑን ከሳር አበባ ብናኝ የተዘጋጀ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጠ ሕሙማንን ማለማመድ ጀመረ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አለርጂ ማለት ሰውነት ጉዳት የሌለውን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ መዋጋቱ ነው። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የመሳሰሉት ኪኒኖች ጦርነቱ የሚያመጣውን ማስነጠስና ማሳከክ ያስታግሳሉ። የማለማመጃው ሕክምና ግን ያንኑ ብናኝ በተመጠነ መጠን ደጋግሞ በመስጠት ሰውነት እንዲለምደው ያደርጋል። በኋላ መርፌው ወደ ኪኒን ተለወጠ። ግራዛክስ የተባለው የሳር ኪኒን እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ፣ ይኸው ኪኒን በሌላ ስምና ኦራሌይር የተባለው ደግሞ በ2014 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ከምላስ ሥር ይቀመጣል፤ ይሟሟል፤ ከዚያ ይዋጣል።

እንግዲህ ዘመድ «ልላክ» ሲል ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ኪኒን ሐኪም ባለበት ይወሰዳል፤ ሰውየውም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እዚያው ይቆያል። አፍን ማሳከክና ጉሮሮን መቆርቆር የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ ግን ጉሮሮ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ያን ጊዜ አድሬናሊን ያስፈልጋል። በመድኃኒት ያልተገታ ከባድ አስም ላለበት ሰው ይህ ኪኒን አይሰጥም። ስለዚህ ቤት ውስጥ በራስ ፈቃድ መጀመር ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥትና ገንዘብ ይጠይቃል። አበባው ከመፍካቱ ከሦስት እስከ አራት ወር ቀደም ብሎ ይጀመራል። ዘላቂ ጥቅም ለማግኘት ደግሞ ሦስት ዓመት በየቀኑ መውሰድ ያስፈልጋል። በለንደን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ወስደው ያቆሙት ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ዘመድ አንድ ፓኬት ልኮ ቢያቆም ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሳር ሁሉ አንድ አይደለም። ኪኒኖቹ የተሠሩት ከቀዝቃዛ አገር ሳሮች ነው። በመንዝ ደጋ የሚበቅለው ጓሳ የእነዚህ ዘመድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በቆላው የምናገኘው ሰርዶ ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ማሽላና በቆሎም እንዲሁ። ሰውነቱ በሰርዶ ብናኝ የሚቆጣ ሰው በቀዝቃዛ አገር ሳር ቢለማመድ የሚያገኘው ጥቅም ውስን ነው። ስለሆነም አስቀድሞ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ የሚያስቆጣውን ነገር መለየት ግድ ይላል። የማገዶ ጭስና የአውድማ አቧራም አፍንጫንና ሳንባን ይቆጣሉ፤ እነዚህን የሳር ኪኒን አያድናቸውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሕመሙን እንለየው። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይለቃል። አለርጂ ግን ያሳክካል፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ በየዓመቱ በዚያው ወር ይመለሳል፤ አንቲባዮቲክም አይፈይደውም። በአፍንጫ የሚነፋው የስቴሮይድ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሲወሰድ ብዙዎችን ያሳርፋል። አበባ ያወጣ ሳር ቤት ውስጥ አንጎዝጉዝ፤ ሕመምተኛው ሳር ከማጨድ ይራቅ፤ ከሜዳ ሲመለስ ፊቱን ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር። በውዱእ ጊዜ አፍንጫን በውኃ ማጽዳትም የተጣበቀውን ብናኝ ያጥባል። ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ ልጅ ካለ ለአስም ይመርመር።

ስለ ረመዳንም ጥያቄ ይነሳል። ኪኒኑ ሟሙቶ የሚዋጥ ስለሆነ፣ በቀን አንዴ ብቻም ስለሚወሰድ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቻላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን መግሪብን አይጠብቅም፤ ፓፉን ወዲያው ይውሰድ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷልና። የጾሙን ጉዳይ በኋላ ዑለማዎችን መጠየቅ ይቻላል።

የውጭ ዘመዶቻችን ስለ እኛ ማሰባቸው መልካም ነው፤ አላህ ይመንዳቸው። ኪኒኑን ከመላካቸው በፊት ግን ልጁን ሐኪም ዘንድ የምናደርስበትን ቢያግዙን የበለጠ ይጠቅሙናል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።