ዘንዶን ከስክሪን ጀርባ መደበቅ

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ የመደበቅ ሙያ ነው። የሚደበቀው ገንዘብ አይደለም፣ የቤተሰብ ገመናም አይደለም። ዘንዶ ነው። አንዳንዴ የተረገመ ቀለበት ይሆናል፣ አንዳንዴም ግድግዳ የሚመስል በር። የሚደበቅባቸው ሰዎች ደግሞ ወዳጆች ናቸው፤ ያውም ሳይደበቅባቸው ቢቀር የሚያኮርፉ ወዳጆች።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ተዋጊ ይሆናል፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ቀማኛ። ከመካከላቸው አንዱ ግን የቀረውን ዓለም በሙሉ ይይዛል። ንጉሡም፣ ጭራቁም፣ ዝናቡም፣ የመሸታ ቤቷ እመቤትም እሱ ነው። መሪ እንበለው። ተጫዋቹ «በሩን ገፍቼ እገባለሁ» ሲል ከበሩ ማዶ ምን እንዳለ የሚያውቀው መሪው ብቻ ነው። መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ በሩን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ «ስንት ሆኑ? ከኋላችን ናቸው?» እያለ ሲጮኽ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሳትደነግጡ ይህን ጨዋታ አስቡ።

ነገሩ ለኛ ባዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን የያዘው አንድ ሰው ነው፤ «ምን አውቅልህ» የሚለው ሌላው ነው። ያቃተው አገር ይሰጣል። መልሱን አስቀድሞ የሰማ ልጅ አፉን መያዝ አቅቶት ከጥግ ሲያፈነዳው ግን አገርም አይሰጥ፣ ሳቅም አይኖር። የዚህ ጨዋታ መሪ እንግዲህ ሙሉ ክረምት የሚፈጅ እንቆቅልሽ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። መልሱን ለወራት ይጠብቃል፤ አፈትልኮ ከወጣ የሚበላሽበት የአንድ ምሽት ወግ ሳይሆን የወራት ድካም ነው።

ለዚህ ነው የመደበቅ ዘዴው ከጨዋታው ጋር አብሮ ያደገው። ጋይጋክስ «ቱም ኦፍ ሆረርስ» የተባለውን አስፈሪ መቃብር ያዘጋጀው በ1975 ለተካሄደ የውድድር ጉባኤ ነበር። በ1978 ሲታተም ለብቻው የተዘጋጁ ሥዕሎች አብረውት ወጡ፤ መሪው ክፍሉን የሚያሳየውን ሥዕል ብቻ ገልጦ ለተጫዋቾች ያሳያል፣ ወጥመዱ የተጻፈበትን ገጽ ግን ለራሱ ይይዛል። የሚታየውን ከሚነበበው መለየት፣ ዛሬ በኮምፒውተር የምንደክምበት ነገር ሁሉ ያኔ በወረቀት ተሠርቶ ነበር። በመሪውና በተጫዋቾች መካከል እንደ መጋረጃ የሚቆመው ታጣፊ ካርቶንም የመጣው በዚያው ዘመን ነው። በ1979 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ ላይማ ጋይጋክስ ይህን መጽሐፍ ተጫዋች ባያነበው ይሻላል ብሎ አጥብቆ ያሳስባል፤ ጠንከር ያለ ቀልድም ጣል ያደርግበታል። በ1984 የወጣው «ፓራኖያ» የተባለ ሌላ ጨዋታ ደግሞ ቀልዱን እስከ ጥግ ወሰደው፤ እዚያ ተጫዋቹ ሕጉን አውቃለሁ ብሎ ካሳየ ያ ራሱ የአገር ክህደት ነው፣ ቅጣቱም ሞት።

አሁን ወደ ራስ ፈጠራ እንምጣ። ሰው ታትሞ የተሸጠ ጭራቅ እያለለት ለምን የራሱን ይፈጥራል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የታተመውን ሁሉም ያውቀዋል። ትሮል የተባለው አውሬ ቁስሉ ወዲያው ይሽራል፣ የሚያቆመው እሳት ወይም አሲድ ነው። ይህን የማያውቅ ልምድ ያለው ተጫዋች አታገኙም። በዚያ ላይ የጨዋታው ባለቤት ድርጅት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት መሠረታዊ ሕጎቹን ከብዙዎቹ ጭራቆች ጋር በጥር 2023 ለማንም ነጻ በሆነ ፈቃድ ለቅቋቸዋል። ትሮሉ ገና ከዋሻው ብቅ ሲል፣ ዕድሜውን ሙሉ መንደሩን ለቆ የማያውቅ የተባለው ገበሬ ገጸ ባሕርይ ችቦ ሲፈልግ ታዩታላችሁ።

ብልህ መሪ ታዲያ ብዙ አይደክምም። የትሮሉን የጥንካሬ ቁጥሮች እንዳሉ ይይዝና መልኩን ይቀይረዋል። ጸጉር ያለብሰዋል፣ ከረግረግ ያወጣዋል፣ የእሳቱን ድክመት በጨው ይተካዋል፤ ስሙንም የመንደሩ ሰዎች በሹክሹክታ የሚጠሩት ስም ያደርገዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንደኛው ይህ ነው። አዲስ ነገር ከመፍጠር የታወቀውን እንዳይታወቅ አድርጎ ማልበስ ያንሳል የሚል ካለ፣ እስቲ ይሞክረው።

ችግሩ የሚጀምረው ጠረጴዛው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ነው። ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፋንታሲ ግራውንድስ በ2004፣ ሮል20 በ2012፣ ፋውንድሪ በ2020 መጡ። ካርታው ስክሪን ላይ ይዘረጋል፣ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ጠጠር ይንቀሳቀሳሉ፣ ዳይሱን ኮምፒውተሩ ይጥለዋል። አንዱ ሚኒያፖሊስ፣ አንዱ ሃይፋ፣ አንዱ ቦሌ ሆኖ አብሮ መጫወት ይቻላል። ካርቶኑ መጋረጃ ግን እዚህ አይሠራም፤ በምትኩ ፈቃድ የሚባል ነገር መጣ።

ፈቃድ ማለት ማን ምን ያያል የሚለው ነው። በሮል20 ካርታው እንደ ተነባበረ ወረቀት ነው፤ አንደኛው ንብር የመሪው ብቻ ነው። እዚያ ያስቀመጠውን አድፋጭ ወታደር እሱ ደብዘዝ ብሎ ያየዋል፣ ተጫዋቾች ጨርሶ አያዩትም። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ላይኛው ንብር ያወጣዋል፣ ሁሉም ይደነግጣል። የመብራት ሥርዓቱም አለ፤ ግድግዳዎቹ በመስመር ከተሠመሩ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያየው ገጸ ባሕርዩ ከቆመበት ቦታ ሊታይ የሚችለውን ብቻ ነው። ፋውንድሪ ላይ አንድን በር «ምስጢራዊ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ለተጫዋቹ ተራ ግድግዳ ነው፣ ለመሪው በር ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍና ፍጡርም ምንም የማያይ፣ በከፊል የሚያይ፣ ሁሉን የሚያይና ባለቤት የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉ። መልካም ነው። ቁልፉ ሞልቷል።

ታዲያ ምስጢር የሚያመልጠው የት ነው? ብዙ ሰው ኮምፒውተር አዋቂ ተጫዋች ሰብሮ የሚገባ ይመስለዋል። ይሄ አይካድም፤ ካርታው በተጫዋቹ መሣሪያ ላይ ስለሚሣል፣ የሚሣለው ነገር ቀድሞ እዚያ መድረስ አለበት፤ የኢንተርኔት አሳሹን የውስጥ ገጽ ገልጦ የሚጎረጉር አይጠፋም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስጢሩን የሚያወጣው ራሱ መሪው ነው፤ በስም።

አስቡት። መሪው ደግ ሽማግሌ ፈጥሯል፤ በሦስተኛው ወር ላይ ቫምፓየር ሆኖ ይገለጣል። ሥዕሉን ከኮምፒውተሩ ሲጭን ፋይሉ ስም አለው፣ ስሙም «ቫምፓየር የመጨረሻው ጠላት» ነው። አንድ ተጫዋች ሥዕሉ አምሮት ለማስታወሻ ያወርደዋል። አለቀ። ወይም ውጊያ ተጀምሮ ተራ የሚያሳየው ዝርዝር ይከፈታል፤ በካርታው ላይ «እንግዳ» የተባለው ሰው እዚያ በእውነተኛ ስሙ ተቀምጧል። ወይም መሪው ካርታ ሊያሳይ ስክሪኑን ያጋራል፤ ከላይ ከተደረደሩት ገጾች አንዱ «ልዕልቷ ስትሞት» ይላል። በፊት ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ አሁን አፍም አላስፈለገም።

የጋራ ሰነድም ሌላ ጉድ ነው። ጉግል ዶክስ ላይ የመንደሩን ታሪክ የጻፈ መሪ ምስጢሩን አጥፍቶ ለተጫዋቾቹ ይልካል። ማየት ብቻ ፈቅዶ ከሆነ ደህና ነው። እንዲያርሙበት ከፈቀደ ግን የሰነዱን የቀድሞ መልክ ሁሉ ወደ ኋላ ሄደው ማንበብ ይችላሉ፤ ያጠፋው አንቀጽ እዚያው ቁጭ ብሏል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለተጫዋች የሚሄደው ሰነድ ከመጀመሪያው ሌላ ሰነድ ይሁን። ዲስኮርድ በተባለው የመወያያ መድረክ ላይ ጽሑፍን በጥቁር የሚሸፍነውን ዘዴ እንደ መደበቂያ የሚጠቀሙም አሉ። ያ ለፊልም መጨረሻ የተበጀ ጨዋነት ነው፣ በአንድ ጠቅታ ይገለጣል። ለመሪው ማስታወሻ የተዘጋ ክፍል ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር በቅርበት እንይ፤ ያንን የተረገመ ቀለበት። ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለው አገልግሎት የገጸ ባሕርይ መዝገብ መያዣ ነው። የራስን ፈጠራ መሥራት ይፈቅዳል፤ ሆኖም በአንድ ዘመቻ፣ ማለትም በአንድ ተከታታይ ጨዋታ፣ ያሉ ሰዎች የፈጠሩትን እርስ በርስ እንዲጠቀሙበት ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ መሪው ቀለበቱን ከነእርግማኑ እዚያ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ዕቃ ሊጨምር ዝርዝሩን የከፈተ ተጫዋች ሊያገኘው ይችላል። ቀለበቱ ገና ሬሳ ጣት ላይ ሳለ ተነበበ ማለት ነው።

ጎበዝ መሪ እንዲህ ያደርጋል፦ በአገልግሎቱ ላይ የሚጽፈው ተራ ቀለበት ነው። ስሙ ለምሳሌ «የብር ቀለበት፣ የንስር ማኅተም ያለበት»፤ የሚሰጠው ጥቅምም የሚታየው ብቻ። እርግማኑ የት አለ? ከዘመቻው ጋር ባልተገናኘ የግል ማስታወሻ፣ ወይም የወረቀት ደብተር ላይ። ተጫዋቹ ቀለበቱን ሊያወልቅ ሞክሮ እምቢ ያለው ምሽት፣ መሪው እዚያው ገብቶ መግለጫውን ያርማል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። በ2014 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ ራሱ ዕቃን የሚመረምረው አስማት እርግማኑን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይገልጥ ይናገራል። ሕጉ ያለው ይህን ነው፤ ሶፍትዌሩ ነው የረሳው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር፣ የሚቃወም ይቃወም። ሁሉንም የሚደብቅ መሪ አይጥመኝም። የጭራቁን ጥንካሬ፣ የራሱን የተጫዋቹን ሰይፍ አሠራር፣ የዳይሱን ውጤት፣ ሁሉን ሸሽጎ «ምስጢር ነው» የሚል አለ። ሰውየው ምስጢር ሳይሆን ሥልጣን ነው የሚወደው። ገጸ ባሕርዩ ሦስት ጊዜ በሰይፉ መትቶ ሰይፉ ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ፣ የተጫወተው መሪው ብቻ ነው። እኔ የምለካው እንዲህ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ በዓይኑ አይቶ ወይም በእጁ ይዞ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ለተጫዋቹ ይነገር፤ ማን ከማን ጋር እንደተመሳጠረ፣ ከበሩ ማዶ ምን እንዳለ፣ ሽማግሌው ለምን ቀን ቀን እንደማይወጣ ይደበቅ። ሕግ አይደበቅም፤ ታሪክ ይደበቃል። አዲስ ሕግ የፈጠረ መሪ ደግሞ ገጸ ባሕርዮቹ ከመሠራታቸው በፊት ያሳውቅ፤ ተጫዋቹ በሚያውቀው ሕግ መርጦ በማያውቀው ሕግ ሊሞት አይገባም።

ኢንተርኔቱ የወሰደብን ነገርም አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ጠረጴዛ ላይ መሪው ከካርቶኑ ጀርባ ዳይስ ሲጥል ድምፁ ይሰማል። ቀ ቀ ቀ። ማንም ምንም አላደረገም፤ ታዲያ ለምን ጣለ? ሁሉም ይተያያል። አንዳንዱ ተንኮለኛ ለምንም ሳይሆን እንዲያው ለማስፈራራት ይጥላል። በሮል20 መሪው በስውር ሲጥል ግን ውጤቱን የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው እንደተጣለም አያውቅም። ከልክ በላይ ተደበቀና ፍርሃቱ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ አንዳንድ መሪዎች በስውር ከጣሉ በኋላ ሆን ብለው በማይክሮፎኑ «እህ» ይላሉ። ብልሃት ነው፤ እኔ እወደዋለሁ።

ተጫዋቾችም ድርሻ አላቸው። ሆን ብሎ የሚጎረጉርን ሰው የሚያቆም ቁልፍ የለም፤ ስክሪኑም፣ ቤቱም፣ ጊዜውም የራሱ ነው። ስለዚህ አንድ መሪ ተጫዋቹ ሁልጊዜ እየቀደመ ሲያውቅበት ፈቃድ ማጥበቁን ትቶ ለብቻው ቢያናግረው ይሻላል። አንዳንዱ የሚጎረጉረው ለማሸነፍ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ እንዳይሞትበት ፈርቶ ነው፤ ያ ደግሞ በንግግር የሚፈታ ነገር ነው።

መሪ የሆናችሁ አድማጮች፣ ለቅዳሜው ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ጓደኞቻችሁ ከመግባታቸው በፊት በሌላ አሳሽ ተጫዋች ሆናችሁ ግቡ። ካርታውን ተመልከቱ፣ የውጊያ ተራውን ክፈቱ፣ የዕቃውን ዝርዝር ፈልጉ፣ የሥዕሎቹን ፋይል ስም አንብቡ። የምታዩትን ሁሉ እነሱም ያያሉ። ከዚያ ወጥታችሁ የቀረውን አስተካክሉ።