በማሳ ዳር የሚተከል ካሜራ፤ አመራረጡና አያያዙ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር



እንደሚታወቀው የበቆሎ እሸት ሲደርስ አርሶ አደሩ ማማ ላይ ያድራል። ልጆችም ዝንጀሮና ጦጣ ሲጠብቁ ከትምህርት ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠዋት የተቆፈረ ማሳ ወይም የተበላ በግ ይገኛል። አጥፊው ጃርት ይሁን የዱር አሳማ፣ ጅብ ይሁን የሠፈር ውሻ ሳይለይ በግምት መርዝ የሚያስቀምጥም አለ። መርዙ ግን ጥፋተኛውን አይመርጥም፤ ጥንብ አንሳውንም የጎረቤቱንም ውሻ ይፈጃል። በመሆኑም መከላከል የሚጀምረው አጥፊውን ከመለየት ነው።

ለዚህ የሚረዳው በገበያ ላይ ትሬይል ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ነው። ሙቀት ያለው አካል በፊቱ ሲንቀሳቀስ ራሱ ፎቶግራፍ ያነሳል። በ2008 ዓ.ም. በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ያረጋገጡት ተመራማሪዎች የተጠቀሙት በዚህ ዓይነት ካሜራ ነው።

አመራረጡን በሚመለከት በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው የሜጋፒክስል ቁጥር ገዢውን ሊያታልለው አይገባም። ዋናው ፍጥነቱ ነው፤ እንስሳው በታየ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማንሳት አለበት። የሌሊት መብራቱ ለዓይን የማይታይ ቢሆን ሌባም አያየውም። አቧራና ዝናብ እንዳያስገባ አይፒ 66 የሚል ምልክት ያለው ይመረጣል። ብዙዎቹ ባለ 1.5 ቮልት ትናንሽ ባትሪዎችን ስለሚጠቀሙ ባትሪው በቅርብ ከተማ መገኘቱ አስቀድሞ ይጣራ።

ካሜራው ከጉልበት እስከ ወገብ ከፍታ ባለው ቦታ በጠንካራ ግንድ ላይ ታስሮ የእንስሳውን መንገድ በሰያፍ ይመልከት። ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከዞረ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ምስሉን ያበላሻል። ከፊቱ ያለው ሣርና ቅርንጫፍ ካልተመነጠረ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ባዶ ፎቶ ያነሳል። ወደ ሰው ደጅ ወይም ወደ ውኃ መቅጃ መንገድ ማዞር ግን ነውር ነው።

በየሁለት ሳምንቱ መስተዋቱ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ የመዝጊያው ጎማ አለመሰንጠቁና ጉንዳን አለመግባቱ ይታይ። አዲስና አሮጌ ባትሪ አይቀላቀል። መሣሪያው ሥራ ሲያቆም ባትሪው ወጥቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ባትሪው ፈስሶ ውስጡን ይበላዋል።

የሰዓቱም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። ካሜራው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። 20:00 ብሎ ከጻፈ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 02:00 ብሎ ከጻፈ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ጠባቂውን ያለ ሰዓቱ ያሰማራል።

ካሜራ አጥር አይሆንም፣ ዝንጀሮም አያባርርም። ሆኖም ጅብ መሆኑ ከታወቀ በረት ይጠናከራል፤ ጃርት ከሆነ የአጥሩ ሥር ይደፈናል፤ አጥፊው በቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ማማ ላይ ማደር ይቀራል። አንድ ካሜራ ለአንድ አባወራ ውድ ቢሆንም ማኅበሩ ገዝቶ በየተራ ቢያውስ፣ ለአያያዙም አንድ ተጠሪ ቢመድብ ለሁሉም ይዳረሳል። በጋራ የመሥራት ጥቅሙም ይኸው ነው።

መልካም በዓል!