የማኅበሩን ስልክ እንቀይር ወይስ እንቆይ?

(ኒውላንድ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ የማኅበሩ ስልክ ይቀየር ወይስ አይቀየር ነው። ትንሽ ቢመስልም ሦስት ስብሰባ በልቶብናል። በሦስተኛው ላይ ከመካከላችን ሁለቱ ሳይሰነባበቱ ነው የወጡት። ስለዚህ ከመጀመሪያው እናውራው።

ነገሩ የጀመረው ቡና ላይ ነው። አንዷ እህታችን አሜሪካ፣ ኦማሃ ካሉ ዘመዶቿ የአዲስ አይፎን ፎቶ ደረሳት። አፕል በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲስ ስልክ ያወጣል፤ ፎቶውም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አይፎን እንደማይሆንልን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እዚሁ ሱቅ ውስጥ አዲስ የወጣ ቴክኖ ገብቷል ተባለ። በዚያው ሳምንት የማኅበሩ ስልክ ስብሰባ መሀል ድርግም ብሎ ጠፋ። ወጣቶቹ «ይኸው፣ ራሱ ተናገረ!» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ስልኩ ብዙ ይሠራል። የቁጠባ ደብተራችን በየወሩ ፎቶ ይነሳበታል። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ምስል ከእሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ ነው። አማርኛ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉን፤ ጸሐፊያችን የስብሰባውን ውሳኔ አንድ ጊዜ በኑዌርኛ፣ አንድ ጊዜ በአኙዋክኛ ቀድታ በቴሌግራም ትልካለች፤ ልጆቻቸው ከፍተው ያሰሟቸዋል። ድሮ «አልሰማሁም» የሚል ጭቅጭቅ ነበረብን፤ አሁን ቀንሷል። ስለዚህ «ስልክ ቅንጦት ነው» ያሉት እናታችን ይቅር ይበሉን፣ በዚህ አንስማማም።

ነገር ግን ስልኩ ምን አቃተው ብለን አልጠየቅንም ነበር። ወደ ጠጋኝ ወሰድነው። ሁለት ነገር ነገረን፤ ባትሪው ደክሟል፣ ውስጡም ሞልቷል። ባትሪ ሙቀት ይጠላል። አፕል ራሱ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠሩ ነው የሚመክረው። እኛ ጋ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ይጠጋል፤ ስልኩን ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ ሰክተን እንተወዋለን። አዲሱንም ስልክ እዚያው መስኮት ላይ ብናስቀምጠው ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ሞልቷል የተባለውን ስንከፍት ቴሌግራም በራሱ ያወረደው የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ የማን ሠርግ እንደሆነ እንኳ ማናችንም አናውቅም። እሱን አጥፍተን፣ በራሱ እንዳያወርድ ዘግተን፣ ባትሪ አስቀየርን። ይኸው ዛሬ ይህን ስብሰባ የሚቀዳው ያው ስልክ ነው።

ዋጋውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ያንን ይከተላል። ስልኩ 5ጂ ነው ብለው ያደነቁም ነበሩ፤ ስልክ ኔትወርኩን ይዞ አይመጣም።

ወጣቶቹ ያነሱት አንድ ነገር ግን ልክ ነው። አሮጌ ስልክ አንድ ቀን የደኅንነት ማሻሻያ መቀበል ያቆማል፤ ቴሌግራሙም የቴሌብር መተግበሪያውም «ይህ ስልክ አይችለኝም» ይላል። ያ ቀን ሲመጣ እንቀይራለን፤ ለዚያም ከአሁኑ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናስቀምጥ ብለናል።

አሁን የከበደውን እናንሳ። ባለፈው ዓመት አንዲት ዓሣ የምትሸጥ እህታችን «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ደርሷት ዓሣውን አስረከበች። መልእክቱ የውሸት ነበር። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ «ስማርት ስልክ ቢኖራት ኖሮ» አልን። ተሳስተናል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ጀምሮ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል፤ *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብን ማየት ነው። የጎደላት ይህን ያሳያት ሰው እንጂ ስልክ አልነበረም። ያላሳየናት ደግሞ እኛ ነን።

ሌላም አለ፤ በአደባባይ ለመናገር ከብዶን ነበር። ከቁጠባው ተበድረው ታች ስልክ ከገዙት አባሎቻችን መካከል ስልኩ ዛሬ በእጃቸው የሌለ አሉ። ብድሩን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ስልኩ ያለው ባሏ ወይም ወንድሟ ኪስ ውስጥ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ማንም አልወሰደባቸውም። «እሱን ማን ይፈልገዋል» ብላ አንዷ ስትስቅ ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ዝም አልን።

ጭራሽ ስልክ የሌላቸውም አሉ። የፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ ቁጥሩ የሚላከው በጽሑፍ መልእክት ነው፤ ስልክ የሌላት እናት የሰው ቁጥር ትሰጣለች። መታወቂያዋን የሚያውቀው እንግዲህ ሌላ ሰው ነው። የባንኩም የቴሌብሩም ጉዳይ በዚያው ሰው በኩል ያልፋል። አዲስ ስልክ ይገዛ አይገዛ እያልን ሦስት ስብሰባ ስንከራከር ስለ እነዚህ እናቶች አንድም ቃል አላነሳንም ነበር።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። የማኅበሩ ስልክ እስከቻለ ድረስ ይቆይ፤ ከመስኮቱ ላይ ግን ይነሳ። ደጋፊዎቻችን ለመገናኛ ብላችሁ ከላካችሁት ገንዘብ ባትሪው የወሰደው ጥቂት ነው፤ ደረሰኙ ከሂሳብ ያዥዋ ጋር አለ። የተረፈው የእናንተ ነው፤ ሳትፈቅዱ አንነካውም። ፈቃዳችሁ ከሆነ ስልክ ለሌላቸው አባሎቻችን ባለ ቁልፍ ስልክ ይገዛበት፤ ሲም ካርዱም በየራሳቸው ስም ይውጣ። ሲገዛ *#06# ተጭነን የሚመጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን፤ ዕቃው በተራ ሳይሆን በስም ይታደላል። ታች ስልክ ለመግዛት የሚጠየቅ ብድርም አይከለከል። አበዳሪዎቹ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ስልኩ ማታ ማን ዘንድ ያድራል? መልሱን ለብቻዋ ይጠይቋት እንጂ በሰው ፊት አይሁን።

የማኅበሩ ስልክ በአዲስ ይተካ የምትሉ እህቶች ሐሳባችሁን አሁን ተናገሩ፤ ያልተሰማ እንዳይቀር። ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን። ሁለቱ ሳይሰነባበቱ የወጡት እህቶቻችንም መጥተዋል፤ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፤ እጃቸውን ሲያነሱ እናያለን።