የወንዙ ዕዳ በሒሳብ መዝገብ

ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከተገናኙ በኋላ ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። በወንዞቹ ዳርቻ ቆስጣና ሰላጣ የሚለማው በዚሁ ውኃ በመሆኑ፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም የተባለ ብረት ከፍሳሹ ጋር ከተለቀቀ ተመልሶ ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል። የከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ብክለትን ለመከላከል ያወጣው ደንብ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የቅጣቱ መጠን በየመሥሪያ ቤቱ መነጋገሪያ ሆኗል፤ በአቃቂ በሰቃ ለዚህ ንግግር የተሰበሰቡትን የሒሳብና የታክስ ባለሙያዎች ግን ከቅጣቱ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው በመዝገብ ላይ ሥር የሰደደው ልማድ ነው።

ልማዱ የፍሳሽ ማጣሪያን እንደ ባከነ ገንዘብ መቁጠር ነው። ማጣሪያው ለፈቃድ ሲባል ይተከላል፤ ወጪ ይቀነስ በተባለ ጊዜ ግን በቅድሚያ የሚቋረጠው የእሱ መብራትና ኬሚካል ነው፤ ቅጣት ሲመጣም «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ አሠራር ነውር ከመሆኑም በላይ ስሌቱ የተሳሳተ ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢ ለማግኘትና የንግድ ሥራውን ለማስቀጠል የወጣ አስፈላጊ ወጪ እንዲቀነስ ሲፈቅድ፣ ሕግ በመተላለፍ የተከፈለ ቅጣት እንዳይቀነስ ይከለክላል። ስለዚህ 30 በመቶ ግብር የሚከፍል አትራፊ ድርጅት ለማጣሪያው ኖራ በደረሰኝ ያወጣው 100 ብር ግብሩን በ30 ብር ሲያቀልለት፣ 100 ብር ቅጣት ግን አንዲት ሳንቲም አይቀንስለትም። ማጣሪያው ራሱም የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም የንብረቱ ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ በየዓመቱ የሚቀነስበት ስሌት፣ ይታሰብለታል።

ግብሩ ካዝና ገብቶ ይቀራል እንጂ ለወንዙ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥርጣሬ በብዙ ታዳሚ ፊት ላይ ይነበባል፤ ከባዶ የተነሣ ባለመሆኑም መልስ መስጠት ይገባል። ግብር ካዝና ከመሙላት ሌላ ዋጋን ይለውጣል፤ ዋጋ ሲለወጥ ደግሞ የሰው ምርጫ ይለወጣል። አየርላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ስትጥል የከረጢቱ ፍጆታ ከ90 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል። በኢትዮጵያም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ይዘት ከፍተኛ ታክስ ሲጥል፣ በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነዋል፤ ውጤቱም በየአደባባዩ ይታያል።

በወንዝ ብክለት ረገድም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው አካል ወጪውን እንዲሸፍን ከማስገደዱ ባሻገር፣ ብክለትን ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ በሚመለከተው ባለሥልጣን ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። ይህን መብት ለድርጅቱ ሳያስታውስ ዓመቱን የሚዘጋ የታክስ ባለሙያ ደንበኛውንም ወንዙንም ይጎዳል።

የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ሒሳባቸውን ሲያሳውቁ የማጣሪያው የኬሚካል ደረሰኝና የፓምፑ የመብራት ቆጣሪ ንባብ ከምርት መዝገቡ ጎን ተዘርግተው መታየት አለባቸው፤ ምርቱ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የማጣሪያው ደረሰኝ የስድስት ወር ብቻ ከሆነ፣ የቀሪው ስድስት ወር ፍሳሽ ወዴት እንደሄደ ከሒሳብ ሠራተኛው ቀድሞ የሚያውቅ የለም።