ክብረ ወሰን ምን ይለካል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዳማ ተነሥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የሚያቀናው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መኪናው ማቃሰት ሲጀምርና መንገደኛው ጋቢውን ሲደርብ ከፍታው ይታወቃል። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። የወንዶች የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል፣ ሁለት ዓመት ከማይሞላ ጊዜ በስተቀር፣ በዚሁ መንገድ ዳር ባደጉ ሁለት ሰዎች እጅ ቆይቷል።

ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ጁን 5 ቀን 1995 በሆላንድ አገር በሄንግሎ ከተማ ርቀቱን በ26:43.53 ፈጸመ። በተከታዩ ዓመት የሞሮኮው ሳላህ ሂሱ ወሰደበት፤ ኃይሌም በ1997 በኦስሎ አስመለሰው። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ሁለት ወር ሳይሞላ ነጠቀው፤ ኃይሌ በ1998 እንደገና በሄንግሎ 26:22.75 ሮጦ መለሰው። ከዚያ በኋላ ተራው የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ሆነ፤ በ2004 በኦስትራቫ 26:20.31፣ በ2005 በብራስልስ 26:17.53። ከኃይሌ የመጀመሪያ ክብረ ወሰን እስከ ቀነኒሳ የመጨረሻው ድረስ የተቀነሰው ጊዜ ልክ 26 ሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲስን የሚያነቃ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ ክብረ ወሰኖች አንዱም በደጋው አልተሰበረም። ስስ አየር የሯጩን ደረት የሚገፋው በጥቂቱ ቢሆንም፣ የሚነፍገው ኦክስጅን ከዚያ ትርፍ እጅግ ይበልጣል። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ሁለተኛ በወጣበት የ10,000 ሜትር ውድድር አሸናፊው ናፍታሊ ቴሙ የፈጀው 29:27.4 ነበር፤ የዘመኑ ክብረ ወሰን ደግሞ 27:39.4። በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ሳምንት፣ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ዘለለ። አየሩ ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው ነሥቷል ማለት ነው።

የዲስከስ ውርወራ ነገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ዲስኩ በአየር ላይ ክንፍ ስለሚሆን ከፊት የሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ ያነሣዋል፤ ስስ አየር ግን ያወርደዋል። የአጭር ርቀት ሯጭና የርዝመት ዘላይ ከጀርባቸው የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር በልጦ ከተገኘ ክብረ ወሰናቸው አይጸድቅም፤ ለዲስከስ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ዩርገን ሹልት በ1986 በኖይብራንደንቡርግ የወረወረው 74.08 ሜትር ሠላሳ ሰባት ዓመት አልፎት ሳይደፈር ቆየ። በ2024 የሊትዌንያው ሚኮላስ አሌክና ነፋስ በማያጣው በኦክላሆማው ራሞና ሜዳ 74.35 ወረወረ፤ በ2025ም እዚያው ተመልሶ 75.56 አደረሰው። የወጣቱ ጉልበት አይካድም፤ ሜዳው በአጋጣሚ እንዳልተመረጠም እንዲሁ። በአዳማ ዙሪያ ኮረብቶች ላይ የቆሙት 136 ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት የአካባቢው ነፋስ ተለክቶ ነው። የአዳማ ዲስከስ ወርዋሪም ነፋሱን ቢያጠና የሚያተርፍ ይመስላል፤ 1,600 ሜትሩ ከፍታ የሚቀንስበትን ግን አብሮ ማስላት ይኖርበታል።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ኦክቶበር 7 ቀን 2020 በቫሌንሲያ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የቀነኒሳን ክብረ ወሰን ወደ 26:11.00 አወረደው። በመሮጫው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ መብራቶች የተፈለገውን ፍጥነት እየጠበቁ ከፊቱ ይበሩ ነበር። በአገራችን ብዙ ሰው «መብራት አሸነፈው» ብሎ አዘነ። ኀዘኑ የሚገባ ነው፤ ክርክሩ ግን ግማሹን ብቻ ይዟል። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መብራት፣ ለተሰንበት ግደይ የ5,000 ሜትሩን በ14:06.62 ፈጽማ የሌላዋን የበቆጂ ልጅ፣ የጥሩነሽ ዲባባን የ2008 ክብረ ወሰን ሰብራለች። የቼፕቴጌን የሚሽር የለተሰንበትንም ሊሽር ነው።

መብራቱ ለእግር ጉልበት አይጨምርም። የሚያስቀረው ፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል የሚባክነውን ነው፤ ይህንንም በቀድሞው ዘመን አሯሯጮች በከፊል ያደርጉት ነበር፤ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሮጥ ሰው ነፋስ በመስበርም ጭምር። ጫማ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲሶቹ ሶሎች በእርግጫ የተሰጣቸውን ኃይል ከቀድሞዎቹ በተሻለ መልሰው ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከመብራት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው እሱ ነው።

በሙያችን የኮንክሪት ናሙና ሲፈተሽ የናሙናው ዕድሜና አያያዝ ያልተጻፈበት ውጤት ተቀባይነት የለውም። የክብረ ወሰን መዝገብ ግን የረጅም ርቀት ሯጭን ሰዓትና የዲስከስ ወርዋሪን ርቀት ብቻውን ያሰፍራል። ከቁጥሩ አጠገብ ነፋሱ፣ ከፍታው፣ መብራቱና ጫማው ቢመዘገቡ ማንም ክብሩን አያጣም። በብራስልስ ቀነኒሳ አንዱን ዙር በአማካይ በ63.1 ሰከንድ ሮጧል፤ በቫሌንሲያ ቼፕቴጌ በ62.8። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ቢሰለፉ ኖሮ በመጨረሻው መስመር ላይ የሚለያያቸው 41 ሜትር ነበር። ከዚህ ውስጥ የመብራቱ ስንት፣ የጫማው ስንት፣ የሰውየውስ ስንት እንደሆነ አሁን ካለው መዝገብ ማውጣት አይቻልም።