ብድር የሌለው ፍቅር
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በናይሮቢ ማኅበር ያቋቋምነው የታመመውን ልንጠይቅ፣ የሞተውን ልንቀብር፣ ልጆቻችንንም ቋንቋቸውን ልናስተምር ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ መልካም ነው። የምንረዳዳው ስለምንዋደድ ነው ወይስ ነገ ተራው የእኛ ስለሚሆን?

ይህን ስናስብ ወይዘሮ አበበች ጎበና ትዝ ይሉናል። እኚህ እናት እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። ጊዜው የረሃብ ነበር። በመንገዳቸው ላይ ከሞተች እናት ጡት ያልተላቀቀ ሕፃን አዩ። አልፈው መሄድ አልሆነላቸውም፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው ልጆቹን መረጡ፤ የሞቀ ቤታቸውንም ትተው ወጡ። ያ ጅምር በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነ። እሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት እስካረፉ ድረስ ለወላጅ አልባ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ።

ልብ እንበል! እነዚያ ሕፃናት ውለታ የሚመልሱበት አቅም አልነበራቸውም። ያለ ቅድመ ሁኔታ መውደድ ማለት ይህ ነው።

እኛም አንድ ጊዜ ተፈትነን ነበር። ኢስሊ ውስጥ ብቻውን ይኖር የነበረ ወጣት ወገናችን አረፈ። የእድራችን አባል አልነበረም። በስብሰባችን ላይ «መዋጮ ላልከፈለ ገንዘብ ብናወጣ ነገ ማን ይከፍላል?» ተባለ። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ እድር ያለ ደንብ አይቆምምና። ክርክሩ ሲረዝም ግን አንዲት እናታችን ብድግ ብለው «ልጆቼ፣ እናንተ ደንቡን ተመካከሩበት፤ እኔ ልቅሶ ልቀመጥለት ነው። ድንኳኑን ብቻ ስጡኝ» አሉ። ሁላችንም አፈርን። በማግስቱ ወንዱ ድንኳን ተከለ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሁሉም ከኪሱ አዋጣ። አገር ቤት ያሉት እናቱ በስልክ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያለቀሰለት ሰው ነበረ?» አሉን። «ነበረ፣ እማማ» ብለን መመለስ ቻልን።

ከዚያ ቀን ያተረፍነው ገንዘብ የለም። ነገር ግን በእነዚህ 25 ዓመታት ካደረግናቸው ድግሶች ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሞላው ያ ቀብር ነው። በስደት አገር ብዙዎቻችን ደስታን በቤት፣ በመኪና፣ በንግድ ፈልገናል። ለቤተሰብ መድከም የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ እውነተኛው ደስታ ያገኘን እሱን መፈለግ ትተን ስለ ሌላ ሰው በተጨነቅንበት ቀን ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለሚረዳው ብቻ ሳይሆን ለረጂውም መሆኑን ያን ቀን ተረዳን።

ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ደንባችን እንደተጠበቀ ይቆይ። ነገር ግን ከዓመታዊ መዋጯችን ጥቂቱ አባል ላልሆኑና ሊመልሱልን ለማይችሉ ወገኖች ይቀመጥ። ዳግመኛ የሰው ሬሳ እየጠበቀ ስለ መዋጮ እንዳንከራከር!

ልጆቻችንም ከእኛ የሚወርሱት ማኅበር እንዲህ ያለው ይሁን።